«እኔ ምንም አልነካሁም!»

እማዬ ስልኳ ላይ ችግር ሲፈጠር መጀመሪያ የምትለው ይህንን ነው። ያን ቀን ግን እውነቷን ነበር። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ የዕለቱን ጸሎቷን ከስልኳ ላይ ታነባለች፣ እኔ ጓዳ ሻይ ጥጃለሁ። ድንገት ቤቱ በሳንቲም ኳኳታና በዳንኪራ ተሞላ። ሮጬ ስደርስ ስክሪኑ ላይ መንኮራኩር ይሽከረከራል፣ ወርቅ ይዘንባል፣ «አሁኑኑ ይጫወቱ» ይላል። መዝጊያዋ ኤክስ የምስር ፍሬ ታክላለች፣ እሷም ብቅ የምትለው ሰዓት ቆጥራ ነው። «በጸሎት መሃል ቁማር?» አለችኝ እማዬ። አፑን የጫንኩላት እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱም የኔ ሆነ።

ማስታወቂያውን ለማስቀረት አፑ 4 ዶላር ይጠይቃል። ከሐምሌ 2016 በፊት፣ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ በነበረ ጊዜ፣ 230 ብር አይሞላም ነበር፤ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ቢሆንም ለእማዬ ጸሎት አይበዛም ብዬ ልከፍል ገባሁ። የባንክ ካርዴን አልቀበልም አለኝ። ቴሌብር ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። እኔ መክፈል እፈልጋለሁ፣ እነሱ መቀበል ይፈልጋሉ፣ ብሩ ግን የሚሻገርበት ድልድይ የለውም። «ከፍሎ መገላገል ይሻላል ወይስ በነፃ መጠቀም?» እያሉ የሚከራከሩ ሰዎችን ሳይ የምቀናው ለዚህ ነው፤ ቢያንስ ምርጫው አላቸው።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እህቴ «ለዚህ ነው እንዴ የምትጨነቂው?» ብላ እዚያው ስልኳ ላይ ከፈለችና ስክሪንሾት ላከችልኝ። እማዬ ስልክ ላይ ቁማሩ እንደቀጠለ ነው። ለካ ግዢው የሚታሰረው ከከፋዩ የጉግል አካውንት ጋር ነው። አሁን ከማስታወቂያ የጸዳ የጸሎት አፕ ያላት፣ ሜሪላንድ የሌሊት ፈረቃ የምትሠራውና አፑን ከዚያን ቀን ወዲህ ከፍታው የማታውቀው እህቴ ናት።

የአክስቴ ልጅ ሦስተኛ መንገድ አመጣ፦ «ሞድ የተደረገው ኤፒኬ፣ ማስታወቂያው የወጣለት የአፑ ፋይል፣ ቴሌግራም ላይ አለ፣ ልላክልሽ?» ማን እንደነካካው የማይታወቅ ፋይል የባንክ አፕ ባለበት ስልክ ላይ አልጭንም አልኩት። ለሁለት ቀን ተኮራረፍን።

እኔ ራሴ ድሮም የኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር፣ ሰው ነኝ። ቪዲዮ በቪኤልሲ አያለሁ፤ ኃላፊው ዣን-ባፕቲስት ኬምፍ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዩሮ ቀርቦለት ማስታወቂያ አላስገባም ማለቱን ካነበብኩ ወዲህማ ጥቁርና ነጭ ፊልም ሳይ እንኳ የቪኤልሲ ምልክት የሆነችውን ያቺን ብርቱካንማ የመንገድ ኮን በአክብሮት ነው የምከፍታት። ለመንገድ ኦርጋኒክ ማፕስ አለኝ፤ ዳታ ሳላበራ ይመራኛል፣ ጥቅሌን አይበላም። አፕ የማወርደው በብዛት የኦፕን ሶርስ አፖች ማውረጃ ከሆነው ከኤፍ-ድሮይድ ነው። እዚያ ማስታወቂያ ያለበት አፕ ከገባ ገና ሳትጭነው ገጹ ላይ ተጽፎ ይጠብቅሃል።

ኦፕን ሶርስ ነው ማለት ግን አይሸጥም ማለት አይደለም። ፎቶዎቼን የማይበት ጋለሪ ከሲምፕል ሞባይል ቱልስ አፖች አንዱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ባለቤቱ ሁሉንም ሸጣቸው። ልዩነቱ ኮዱ ክፍት መሆኑ ነው፦ አብረውት ሲሠሩ የነበሩ ሰዎች ኮዱን ወስደው ፎሲፋይ በሚል ስም ቀጠሉበት፣ እኔም አንድ ፎቶ ሳይጠፋብኝ ተሻገርኩ። የከፈልኩበት ዝግ አፕ እንዲህ ቢሸጥብኝ ደረሰኜን ይዤ ከማልቀስ ሌላ ምን አለኝ?

ኤፍ-ድሮይድ ላይ እማዬ የምትፈልገውን ዓይነት ፈልጌ አጣሁ። ስለዚህ ራሴ ላዘጋጀው አልኩ። አፕ መሥራት አላውቅም፣ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ጽሑፉን ሰንበት ትምህርት ቤት ከሚያገለግል ጓደኛዬ በፒዲኤፍ አገኘሁ። ኮፒ አድርጌ ሊብሬኦፊስ በሚባለው ነፃ የጽሑፍ ፕሮግራም ላይ ስለጥፈው የወጣልኝ ግዕዝ ሳይሆን የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ኮተት ነው። የተተየበው ፊደላችን ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደል የሚለዩበት ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በነበረው ዓይነት ፎንት ኖሯል፤ ለዓይን «ሀ» ይመስላል፣ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ግን ሌላ ነገር ነው። ሦስት ማታ ቁጭ ብዬ እንደ አዲስ ተየብኩት። የገጹን ስፋት በስልኳ ልክ ቆረጥኩ፣ ማንም በነፃ በሚወስደው በአቢሲኒካ ፎንት ፊደሉን አተለቅኩ፣ ለየቀኑ እየለየሁ 7 ፋይል አድርጌ ጫንኩላት።

በሒሳብ እንሂድ ካልን ሦስት ማታ ከ4 ዶላር ይበልጣል፣ አልዋሽም። ያን አፕ የሠራው ልጅም መብላት አለበት። የቴሌብር ቁጥሩን አፑ ላይ ጽፎ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ 500 ብር ልኬ እተኛ ነበር።

እማዬ ፋይሎቹን «ልጄ የሠራችልኝ» እያለች ለማኅበርተኞቿ ሁሉ በቴሌግራም በተነቻቸው። አሁን ደንበኞች አሉኝ። አንዷ እናት ፊደሉ ይበልጥ ይተልቅልኝ አሉ። ሌላዋ የረቡዕ ላይ አንድ መስመር መዝለሌን ያዙብኝ፤ ልክ ናቸው። ፊት ለፊታችን ያሉት እትዬ ደግሞ ደውለው «የእመቤታችን ስም በጥቁር ይጻፋል እንዴ? በቀይ ነው እንጂ!» ብለው ገሠጹኝ። እውነታቸውን ነው፣ መጽሐፉ ላይ በቀይ ነው። ትናንት ማታ «ማርያም» የሚለውን በሙሉ ፈልጎ ቀይ እንዲያደርገው ሊብሬኦፊስን አዘዝኩት። አደረገው። «ለማርያም» ላይ ግን «ለ» ጥቁር ሆና ቀረች፣ «ወማርያም» ላይም «ወ»። አሁን አንድ በአንድ እየለቀምኩ ነው፣ ሐሙስ ላይ ደርሻለሁ።