የቪትዜን ካንዴላ ራሴ ቀየርኩ፤ «በስንት ኪሎ ሜትር?» ለሚለውም መልስ አገኘሁ

ካንዴላ፣ ማለትም ሞተር ውስጥ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ዕቃ፣ በስንት ኪሎ ሜትር ይቀየራል? ለገጣፎ ላይ ይህን ብትጠይቁ መልሱ እንደ ሰው ይለያያል። አንዱ «20 ሺህ» ይላችኋል። ሌላው «40 ሺህ» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ኧረ መቶ ሺህ ሳይሞላ እንዳትነኪው!» ብሎ ይቆጣል። እኔ ሦስቱንም ሰምቻለሁ። የሚገርመው፣ አንዳቸውም አልዋሹኝም። የሚያወሩት ስለተለያየ ካንዴላ ነው።

የኔዋ አራት ሲሊንደር (ቤንዚኑ የሚቃጠልበት ክፍል) ያላት 1.3 ቪትዝ ናት። ስገዛት ያገለገለች ነበረች። የሸጠልኝን ሰው ካንዴላዋ መቼ እንደተቀየረ ስጠይቀው «አዲስ ነው፣ ምንም አትስጊ» አለኝ። ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ሰው ሌላ ምን ይላል? የኪሎ ሜትር ቆጣሪውንም ቢሆን ወደ ኋላ መመለስ እንደሚቻል ሁላችንም እናውቃለን። መመሪያ መጽሐፏ ኪስ ውስጥ አለ፤ ግን በጃፓንኛ ነው። በአጭሩ፣ ስለ መኪናዋ ያለፈ ታሪክ የሚነግረኝ አልነበረም።

ምልክቱ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። በኅዳር ብርድ ጠዋት ቁልፍ ሳዞር ሞተሩ ቶሎ አይነሳም። ከተነሳም በኋላ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳልረግጥ ቆሞ ሲሠራ፣ ይንቀጠቀጣል። ሰው ጭኜ ዳገት ስወጣ ትለግማለች። ቆይቶ የቼክ ኢንጂን መብራት በራ። በኮምፒውተር ሳስመረምራት ፒ0302 የሚል ኮድ ወጣ። ይህ ኮድ ለሁሉም መኪና አንድ ነው። 0300 ከሆነ ሞተሩ በየሲሊንደሩ ማቃጠል እያቃተው ነው ማለት ነው። ከ0301 ጀምሮ ግን የመጨረሻዋ ቁጥር የታመመውን ሲሊንደር ትናገራለች። የኔ በሽተኛ ሁለተኛው ነበር። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ያ መብራት በርቶ ከቀረ እስከ ጋራዥ ቀስ ብሎ መንዳት ይቻላል። ብልጭ ድርግም ካለ ግን አቁሙ። ያልተቃጠለ ቤንዚን በጭስ ማውጫው በኩል ወጥቶ ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር እያጋለው ነው። የሱ ዋጋ ከካንዴላ ጋር አይወዳደርም።

መንገድ ዳር ያለው መካኒክ «እህቴ፣ አውጥቼ በቤንዚን አጥቤ ልመልስልሽ፤ ቀሪውን ዓመት ትነጂበታለሽ» አለኝ። ክፋት የለውም፣ ልምዱ ነው። በሽቦ ብሩሽ ሲፈገፈግ ጥላሸቱ ይለቃል፤ መኪናዋም ለጥቂት ጊዜ ትሻላለች። ያለቀው ብረት ግን በመታጠብ አይመለስም። ካንዴላ የሚያረጀው ብልጭታው በተኮሰ ቁጥር ጫፉ በጣም በትንሹ እየተበላ ስለሚሄድ ነው። ሹል የነበረው ጠርዝ ይዶለዱማል፣ ክፍተቱም ይሰፋል። ክፍተቱ በሰፋ ቁጥር እሱን ለመዝለል ከፍ ያለ ቮልቴጅ ያስፈልጋል። ያንን የሚያመነጨው ኮይል ነው፤ ድካሙ እሱ ላይ ያርፋል። ያረጀ ካንዴላ ይዞ መቆየት ቁጠባ የማይሆነው ለዚህ ነው። አንድ ኮይል ሲቃጠል ብዙ ካንዴላ የሚገዛ ብር ይሄዳል።

ስለዚህ ራሴ ልቀይር ወሰንኩ። ጎረቤቴ ጋሼ አብረውኝ ሊቆሙ ቃል ገቡ። ጋሼ በሰማያዊና ነጩ ላዳ ታክሲ ዘመን ሹፌር የነበሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው።

ለግዢ መርካቶ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ወንድሜን አስከትዬ ነበር። እኔ ጠያቂ፣ እኔ ከፋይ፣ ባለሱቁ ግን የሚያወራው ለወንድሜ ነው! ልጁ ስለ መኪና የሚያውቀው ቀለሟን ብቻ ነው። ለማንኛውም፣ እዚያ ነው መልሱ ለምን ሦስት እንደሆነ የገባኝ።

ተራው ካንዴላ ጫፉ ኒኬል ነው፣ ርካሽ ነው። ከ20 ሺህ እስከ 40 ሺህ ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ይቀየራል፤ የጃፓን አምራቾች ወደ ዝቅተኛው ይጠጋሉ። ኢሪዲየም የሚባለው ደግሞ ውድ ነው። ኒኬል በ1,455 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀልጥ ኢሪዲየም 2,400ን አልፎ ነው የሚቀልጠው። ስለዚህ ጫፉን እንደ መርፌ አቅጥነው ቢሠሩትም ቶሎ አይበላም። ረጅም ዕድሜ ተብሎ የተሠራው እስከ 100 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ያ የተቆጣኝ ሰውዬ የሚነዳው ኢሪዲየም ያለው መኪና ነበር። እንግዲህ ዕድሜውን ከመጠየቅ በፊት ውስጥ ያለው የትኛው እንደሆነ ማየት ይቀድማል። ያገለገለ መኪና ስትገዙ ሻጩ ምንም ይበል ምን፣ አስወጥታችሁ እዩት።

እኔ ኒኬሉን መረጥኩ። ምክንያቴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሞተሩ ምን እንደሆነ ገና አላወቅኩም፤ ወደ ሲሊንደሩ ዘይት የሚያስገባ ከሆነ ውዱም ርካሹም እኩል ይበላሻል። ሁለተኛ፣ ፎርጅድ። ውድ ዕቃ ላይ ፎርጅድ ይበዛል። እጄ ከገቡት ካርቶኖች አንዱ እኮ ዓይን የሚያስጠረጥር ነበር፦ ጽሑፉ ደብዘዝ ያለ፣ የታጠፈችው የጎን ብረት ከመሀሉ ጫፍ ጋር ያልተገጣጠመች፣ የማጥበቂያዋ ቀለበትም ስትነካ የምትወልቅ። በትክክለኛው ላይ ቀለበቷ ትዞራለች እንጂ አትወድቅም። መልቲሜትር ያለው ሰው ደግሞ ከላይ እስከ መሀል ጫፉ ይለካ፤ ሬዚስተር ያለው ካንዴላ ብዙ ጊዜ 5 ሺህ ኦም አካባቢ ያሳያል። «ይኼን መልስልኝ» ብዬ ሌላ ሱቅ ገባሁ።

ቁጥሩም ጌጥ አይደለም። ለኔ መኪና የተገዛው ዴንሶ ኬ16አር-ዩ11 ነው። 16 ቁጥሯ ካንዴላው ሙቀትን ምን ያህል ቶሎ እንደሚያስወጣ ትናገራለች፤ 11 ደግሞ ክፍተቱ 1.1 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። የዴንሶ 16 በኤንጂኬ አቆጣጠር 5 ነው። በሁለቱም ቁጥሩ ከፍ ሲል ካንዴላው «ቀዝቃዛ»፣ ማለትም ሙቀቱን ቶሎ የሚያስወጣ፣ ይሆናል። ቦሽ ላይ ግን ተቃራኒው ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ይሞቃል። «ይኼም ይገጥማል» ለሚል ባለሱቅ ጥርሱ መግጠሙ ብቻ በቂ አይደለም በሉት።

ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም። ሞተሩ ሌሊቱን ሲበርድ ያድራል፤ ካንዴላው የሚታሰርበት የሞተሩ ራስ (ቴስታታው) አሉሚኒየም ስለሆነ በሙቀቱ ካንዴላ መንቀል ጥርሱን ሊያወጣው ይችላል። የላይኛውን ፕላስቲክ ሽፋን አነሳን። ከአራቱ ኮይል የመጀመሪያውን ሶኬት ነቀልን፣ በ10 ቁጥር ቁልፍ ቡሎኑን ፈታን፣ ኮይሉን ወዲያ ወዲህ እያዞርን ሳብነው። ከዚያ ቁልፍ ከማስገባት በፊት ጉድጓዱን በአየር ነፋነው። የኛ ሰፈር መንገድ ከአስፋልቱ ሲወጡ አቧራ ብቻ ነው። ካንዴላው በተነቀለበት ቅጽበት ያ ሁሉ አሸዋ ወደ ሲሊንደሩ እንዲወርድ አትፈልጉም። አንዱን ጨርሰን ነው ወደ ሌላው የሄድነው።

ለካንዴላ የሚሆነው 16 ቁጥር ቁልፍ ውስጡ ጎማ ወይም ማግኔት አለው፤ ከጥልቁ ጉድጓድ ይዞ ያወጣዋል። አዲሱን ስንመልስ መጀመሪያ በእጅ ብቻ ነው የሚጠብቀው። በጣት ካልገባ ጥርሱ ተዛንፏልና ወጥቶ እንደገና ይጀመራል። ከተቀመጠ በኋላ ለአዲስ ካንዴላ ከግማሽ ዙር እስከ ሁለት ሦስተኛ ዙር ይበቃዋል። ተመልሶ ለሚገባ አሮጌ ግን የዙር አንድ አሥራ ሁለተኛ ብቻ፤ ቀለበቱ ቀድሞ ተጨፍልቋላ። ጋሼ «አንዴ ድገሚው» ሲሉኝ እንቢ አልኩ። አሉሚኒየም ጉልበት አይወድም።

ጋሼ ክፍተቱን ሊለኩ ከቤት ስባሪ የሰጌቶ ምላጭ ይዘው መጥተው ነበር። ሳቅሁ፤ ግን ዘዴው እውነት ነው። የላዳ ካንዴላ ክፍተት ከ0.5 እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር ነበር፣ የምላጩም ውፍረት እዚያው አካባቢ ነው። ለኔዋ 1.1 ግን ግማሹን እንኳ ብዙም አያልፍ። «እኛ እኮ በየጊዜው እያወጣን ነበር የምንጠርገው» አሉ። እሱም ምክንያት አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። በድሮ መኪና ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ለቆላ ተስተካክሎ እዚህ ሲመጣ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላውም በጥላሸት ይጠቁራል። የዛሬዎቹ መኪኖች አየሩን ለክተው ቤንዚኑን ራሳቸው ስለሚቀንሱ ያ ጣጣ ቀርቷል።

የወጡትን አራቱን ካርቶን ላይ በቅደም ተከተል ደረደርናቸው። ይህን አትዝለሉ፤ ከሥራው ሁሉ ብዙ የሚያስተምረው ይኼ ነው። አንደኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ጫፋቸው ፈዛዛ ቡና ዓይነት ነበር። ጤናማ ቀለም ነው፤ ሞተሩ በደንብ ያቃጥላል ማለት ነው። ግን ጠርዛቸው ዶልዱሟል፣ አርጅተዋል። ደረቅ ጥቁር ቢሆኑ ኖሮ የአየር ፊልትሮ እጠረጥር ነበር። ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ቢመስል ደግሞ ከመጠን ያለፈ ሙቀት። ነጩ ሴራሚክ ላይ፣ ከብረቱ በላይ፣ ቡናማ ቀለበት ካያችሁ አትደንግጡ። ብዙ ሰው ጭስ ያፈሰሰ ይመስለዋል፤ በከፍተኛው ቮልቴጅ ተስቦ የተለጠፈ የዘይትና የአቧራ ብናኝ ነው፣ ጉዳት የለውም።

ሁለተኛው ግን ጫፉ ደህና ሆኖ ወገቡ ዘይት ለብሷል። ጉድጓዱ ውስጥ ዘይት ቆሟል። ዘይቱ ከታች ከፒስተን ፋሻ ሳይሆን ከላይ፣ ከቫልቭ ሽፋኑ ጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳያፈስ ከሚያሽገው ጎማ) በኩል ነው የገባው። የኮይሉን ጎማ አርሶት ብልጭታው በጎን እያመለጠ ነበር። ካንዴላውን ብቻ ቀይሬ ብዘጋው ኖሮ ኮዱ ተመልሶ ይመጣ ነበር። ዘይቱን ጠርገን አዲሱን አስገባን፤ ጓርኒሲዮኑን በማግስቱ ጋራዥ አስቀየርኩ። ጠዋት አነሳሷ ተስተካከለ፣ መንቀጥቀጡም ጠፋ። ቤንዚን ላይ ትንሽ ቅናሽ አለ፤ ግን «ግማሽ ሆነልኝ» የሚሏችሁን አትመኑ።

አሁን ወደ ስንት ኪሎ ሜትር እንመለስ። የአራት ምት ሞተር ካንዴላ በየሁለት ዙሩ አንዴ ይተኩሳል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር፣ ሞተሩ 2,000 ዙር ላይ ሆኖ ብንሄድ ለአንድ ኪሎ ሜትር 1,000 ጊዜ ተኮሰ ማለት ነው። 20 ሺህ ኪሎ ሜትር፣ 20 ሚሊዮን ብልጭታ። አሁን ጠዋት ከለገጣፎ በአያት አድርጋችሁ ወደ መገናኛ ስትገቡ ሲኤምሲ ላይ ያለውን መጨናነቅ አስቡ። ሚኒሞ 750 ዙር ቢሆን በሰዓት 22,500 ጊዜ ይተኩሳል፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ግን ንቅንቅ አይልም። በአማካይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው 20 ሺውን በ500 ሰዓት ይጨርሳል። በ20 የሚሳብ ሰው 1,000 ሰዓት ይፈጅበታል። ሚኒሞ ላይ ያለው ብልጭታ ዳገት ላይ እንዳለው አይከብድም፣ እውነት ነው። በሌላ በኩል ግን ጫፉ ጥላሸቱን ራሱ የሚያቃጥለው ከ450 እስከ 500 ዲግሪ ሲደርስ ነው፤ ቆሞ የሚያጓራ ሞተር እዚያ ለመድረስ ይቸገራል።

ስለዚህ ለራሴ ያወጣሁት ሕግ ይኼ ነው። ለኒኬል 20 ሺህ፣ ከዚያ አላሳልፍም። 10 ሺህ ላይ ደግሞ ዘይት ሲቀየር አንዱን አውጥቼ አየዋለሁ። ጧት ማታ ከተማ የማይገባ፣ በሰንዳፋ በኩል ወደ ደብረ ብርሃን ረጅም መንገድ የሚነዳ ሰው 30 ሺህ ቢል አልከራከረውም። ኢሪዲየም ያለው 100 ሺህ የሚለውን ይያዝ፤ እኔ ብሆን 60 ሺህ ላይ አንዴ አየዋለሁ። በሽቦ ብሩሽ ግን እንዳይነካው፤ ያ ቀጭን ጫፍ ይሰበራል። የገባበትን ቀን፣ ኪሎ ሜትሩንና ዓይነቱን ጽፌ ኮፈኑ ሥር ለጥፌያለሁ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የቤንዚን መኪና እንዳይገባ ካገደ ወዲህ ያለንን መንከባከብ ግዴታ ሆኗል፤ የሚቀጥለው ገዢም «አዲስ ነው» ከሚል ወሬ የተሻለ ነገር ያገኛል።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ «የተበላሸውን አንዱን ብቻ ብቀይርስ?» ብሎ ነው። ካንዴላው በቅርቡ የገባ ከሆነና አንዱ ተሰብሮ ወይም ፎርጅድ ሆኖ ከተገኘ፣ አዎ። በዕድሜ ካረጁ ግን አራቱም አብረው ተኩሰዋል፣ አብረው ይውጡ። ከወጡት ሻል ያለውን አንዱን ከቁልፉ ጋር ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከኋላ አስቀምጡት፤ ደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ሱቅ በየሜዳው የለም።