መጀመሪያ የጠብታዋን ልክ ንገሩኝ

የርጭት ማማ ሲሙሌሽን ሲያሳዩኝ ቀለሙ ላይ ብዙ አልቆይም። ከታች ቀይ፣ ከላይ ሰማያዊ ነው። ጋዙ ቆሽሾ ገባ፣ ጸድቶ ወጣ፤ ጥሩ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ጠብታዋ ስንት ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ናት? ቁጥሩስ ከየት መጣ? ብዙ ጊዜ የማገኘው መልስ «ሶፍትዌሩ ላይ የነበረውን ነው የተውነው» የሚል ነው። እንዲህ ከሆነ የቀረውን ባናይም ይቻላል።

ለሥራው አዲስ ለሆነ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። በድንጋይ ከሰል የሚሠራ የኃይል ማመንጫ ጭስ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ አለበት። እሱን ለማስቀረት ጭሱን ከማማው ሥር ወደ ላይ ይነዱታል፤ ከላይ ደግሞ የኖራ ድንጋይ ዱቄት የተበጠበጠበት ውሃ በኖዝል፣ ማለትም በመርጫ አፍ፣ ይረጩበታል። ጋዙ ጠብታዎቹ ውስጥ ይሟሟና ከኖራው ጋር ተዋህዶ ይቀራል። የእኛ ሥራ ማማው ከመቆሙ በፊት ምን ያህሉ እንደሚያዝ በሲኤፍዲ፣ ማለትም የጋዝና የፈሳሽን ፍሰት በኮምፒውተር በማስላት ዘዴ፣ ማወቅ ነው።

ሁሉም ነገር የሚወሰነው በገጽ ስፋት ነው። አንድ ሊትር ውሃ 1 ሚሊሜትር ስፋት ወዳላቸው ጠብታዎች ቢበተን 6 ካሬ ሜትር ገጽ ይኖረዋል። ያው ሊትር ወደ 100 ማይክሮን ቢደቅቅ 60 ካሬ ሜትር ይሆናል። ታዲያ ለምን አናደቅቀውም? አየር ይዟት ይሄዳላ! ባለ 1 ሚሊሜትር ጠብታ በረጋ አየር ውስጥ በሰከንድ 4 ሜትር ያህል ትወርዳለች፤ የ100 ማይክሮኗ ግን 30 ሳንቲሜትር እንኳ አትሞላም። ጭሱ በሰከንድ 3 ሜትር ወደ ላይ እየሄደ ከሆነ ትልቋ ቀስ ብላ ትወርዳለች፣ ትንሿ ከጭሱ ጋር ሽቅብ ትነጉዳለች። ስለዚህ የጠብታዋ ልክ ስትሳሳት ስፋቱም፣ ማማው ውስጥ የምትቆይበት ጊዜም፣ አቅጣጫዋም አብረው ይሳሳታሉ።

ደግሞ ኖዝል አንድ ዓይነት ጠብታ አይተፋም። ሰፊ ስርጭት አለው። አብዛኛው ሰው ስርጭቱን የሚገልጸው በሮዚንና ራምለር ቀመር ነው። ቀመሩ በ1933 ለተፈጨ የድንጋይ ከሰል የወጣ ቢሆንም ለርጭትም በደንብ ያገለግላል። ጠብታዎቹን አንድ በአንድ መከተል አይታሰብም። ባለ 1 ሚሊሜትሮቹ በአንድ ሊትር ወደ ሁለት ሚሊዮን ይጠጋሉ። ስለዚህ ተመሳሳዮቹን በእሽግ እንከተላለን፤ አንድ እሽግ ሺህ ጠብታ ሊወክል ይችላል።

አሁን ወደ ጠብታዋ እንጠጋ። ሉዊስና ዊትማን በ1924 እንዳስቀመጡት ጋዙ ሁለት ስስ ሽፋን ማለፍ አለበት፤ አንዱ በጋዝ በኩል፣ ሌላው በፈሳሽ በኩል። ለጋዙ በኩል፣ ጋዙ ወደ ጠብታዋ የሚደርስበትን ፍጥነት ለማስላት ሁላችንም የምንይዘው የራንዝና ማርሻልን የ1952 ቀመር ነው። ለፈሳሹ በኩል ግን ይህን ያህል የተስማማንበት ነገር የለም። ዲፊውዥን (ጋዙ ያለ ፍሰት በራሱ የሚሰራጭበት መንገድ) ውሃ ውስጥ፣ አየር ውስጥ ካለው አሥር ሺህ ጊዜ ገደማ ያዘግማል። በ1 ሚሊሜትር ጠብታ ውስጥ ጋዙ በዲፊውዥን ብቻ ይሂድ ቢባል፣ ከገጿ እስከ መሃሏ ለመዳረስ በደቂቃ የሚቆጠር ጊዜ ይፈልጋል። ጠብታዋ ግን በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ማማውን ጨርሳ ታች ናት። ውስጧ ካልተሽከረከረና ካልተቀላቀለ በቀር መሃሏ ጋዝ የሚባል ነገር ሳያይ ይወርዳል።

ስለዚህ የትኛው ሽፋን እንደሚያግድ አስቀድሞ ማወቅ የግድ ነው። አሞኒያ ውሃ በጣም ይወዳል፤ የሚያግደው የጋዙ በኩል ነው። ለእሱ የጠብታዋን ውስጥ በተራቀቀ ሞዴል ማስላት ድካም ብቻ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በተራ ውሃ ላይ ተቃራኒው ነው፤ ያን ጊዜ ራንዝና ማርሻልን ማሻሻል የሚጨምረው ነገር የለም። ሰልፈር ዳይኦክሳይድ መሃል ቤት ነው፤ ጠብታዋ ኖራ እስካላት ድረስ ወደ አሞኒያው ያደላል፣ ኖራው ሲያልቅባት ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይሄዳል። በአንድ ማማ ውስጥ ከላይና ከታች ያለው ሁኔታ ሊለያይ ይችላል ማለት ነው።

ፍሉዌንት ወይም ኦፕንፎም የተባሉት የሲኤፍዲ ሶፍትዌሮች ተጠቃሚ ከሆናችሁ የመምጠጡን ቀመር ብዙ ጊዜ ራሳችሁ በኮድ መጻፋችሁ አይቀርም። እዚህ ጋ አንድ የሚያናድድ ነገር አለ። ሶፍትዌሩ ማማውን ሴል በሚባሉ ትናንሽ ክፍሎች ይከፋፍለዋል፤ ኖዝሉ ሥር ያለች አንዲት ትንሽ ሴል ውስጥ እሽግ ይበዛል። ሁሉም በአንድ የጊዜ እርምጃ ድርሻውን ሲስብ፣ ሴሏ ውስጥ ካለው በላይ ጋዝ ይወጣል። ክምችቱ ከዜሮ በታች ይገባል። ከዜሮ በታች የሆነ ጋዝ! አንዳንዱ ሰው ቁጥሩን ዜሮ ላይ ቆርጦ ያልፈዋል። ሲሙሌሽኑ ይሮጣል፣ የጋዝ ሂሳቡ ግን አይዘጋም። የሚሻለው የሚሳበው መጠን በጊዜ እርምጃው መጨረሻ ላይ በሚኖረው ክምችት እንዲመሠረት አድርጎ መጻፍ ነው፤ ጋዙ እያለቀ ሲሄድ መሳቡም አብሮ ይቀንሳል።

ግድግዳውም አለ። የተረጨው ውሃ ግድግዳ ሲነካ ስስ ፊልም ሆኖ ይወርዳል፤ ያ ሁሉ ገጽ ይጠፋል። ብዙ ሰው ግን ጠብታው እንደ ኳስ ነጥሮ እንዲመለስ አድርጎ ይተወዋል። በቀጭን የቤተ ሙከራ ማማ ላይ ይሄ ጨዋታውን ይቀይራል፤ በሰፊው የፋብሪካ ማማ ላይ ያን ያህል አይደለም።

«ግን እኮ ከተለካው ጋር ገጥሟል» ይሉኛል። የቱ ጋ የተለካው? መውጫው ላይ። መውጫው ላይ የሚታየው የዝውውር ፍጥነቱና የገጽ ስፋቱ ተባዝተው ነው። አንዱ ሲያንስ ሌላው ቢበዛ ብዜቱ ያው ነው። እኔ በየከፍታው የተለካ ካለ ያን እጠይቃለሁ። ከሌለ ደግሞ የውሃውን መጠን ለውጡና ሞዴሉ ሳይነካካ መግጠሙን አሳዩኝ እላለሁ።

እኔ ማማውን ከመንካቴ በፊት አንዲት ጠብታ ብቻ እሠራለሁ። ምንም ፍሰት የለም፤ ዙሪያዋን ንጹህ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ1 አትሞስፌር፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ። ውስጧ የሟሟው ጋዝ ክምችት እያደገ ሄዶ 0.034 ሞል በሊትር አካባቢ መቆም አለበት። ቆሞ ካልቀረ፣ ወይም እጅግ ርቆ ሌላ ቁጥር ላይ ከቆመ፣ መጀመሪያ የማየው የሄንሪን ቁጥር፣ ማለትም የጋዙን ግፊት ከሚሟሟው መጠን ጋር የሚያያይዘውን ቁጥር፣ ነው። አንዱ መጽሐፍ ግፊትን ለክምችት አካፍሎ ይሰጠዋል፣ ሌላው ክምችትን ለግፊት፣ ሦስተኛው ያለምንም አሃድ። ከአንዱ ሠንጠረዥ ተቀድቶ በሌላው ቀመር ውስጥ ይገባል፤ ኮዱም ምንም ሳይል ይሠራል።