ሴንቲሜትሩ የተበላሸ ማስመሪያ

አያቴ መንገድ ቀያሽ ነበሩ። ካረፉ በኋላ የብረት ሣጥናቸውን የነካው ሰው አልነበረም። ባለፈው ቅዳሜ ቤቱ ሊቀባ ነው ተብሎ ዕቃ ስናወጣ ተከፈተ።

ካርታ፣ የደረቀ ብዕር፣ ደረሰኝ በደረሰኝ። ከሥር ግን አፎት የመሰለ ረጅም የቆዳ ነገር ወጣ። እናቴ ጩቤ መስሏት «ተወው አንተ!» አለች። ስስበው ማስመሪያ ነው። ማለቴ፣ ማስመሪያ ይመስላል። ነጭ፣ ስንዝር ተኩል ቢሆን ነው፣ መሃሉ ላይ ወደ ግራና ቀኝ የሚንሸራተት ሌላ ማስመሪያ አለው፣ በላዩ ደግሞ ፀጉር የምታህል መስመር የተሰመረባት የመስታወት መስኮት ትመላለሳለች።

ግራ ያጋባን ቁጥሩ ነው። ከ1 እስከ 2 ሰፊ ነው። ከ2 እስከ 3 ጠበብ ይላል። 9 እና 10 ጋ ሲደርስ የማታ ታክሲ ውስጥ እንዳለ ሰው ይተፋፈጋል። ሴንቲሜትሩ የተበላሸ ማስመሪያ ማን ይገዛል?

ስልክ መንካት ክልክል ነው ተባለ። ሁሉም ይገምታል፣ ግምቱን የሳተ ሰው ቡና ያፈላል።

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት፣ «የጥለት መለኪያ ነው» አለች። ነርሷ እህቴ የመድኃኒት መጠን ማውጫ ነው ብላ ድርቅ አለች። እኔ ደግሞ መስኮቷን አይቼ የድሮ ሬዲዮ ጣቢያ መፈለጊያ ትዝ አለኝና ከሬዲዮ ላይ የተነቀለ ነው አልኩ። አንድም ሰው ከራሱ ነገር ወጥቶ አልገመተም። የእህቴ ልጅ ብቻ «ጌም ነው?» አለ።

ቡናው ሳይፈላ ጎረቤታችን ጋሼ መጡ። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። መስታወቷን በኮታቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉና «ስላይድ ሩል! ስንት በስንት ላባዛላችሁ?» አሉ።

የተንሸራታቹን 1 ከታችኛው 2 ላይ አሳረፉ። መስኮቷን ወደ ተንሸራታቹ 3 ወሰዱ። ከሥሩ 6 ተቀምጧል። ያ የተበላሸ የመሰለን አከፋፈል ዋናው ዘዴ ኖሯል። ቁጥሮቹ የተደረደሩት በሎጋሪዝማቸው (10 ወደ ስንተኛ ኃይል ቢነሳ ያንን ቁጥር እንደሚሰጥ በሚናገረው ቁጥር) ልክ ስለሆነ፣ ሁለት ርዝመት አስከትለህ ስትደምር ቁጥሮቹ ይባዛሉ። ርዝመት ስትቀንስ ደግሞ ይካፈላሉ። ባትሪ የለ፣ ምን የለ።

ማታ ስልክ ሲፈቀድ አነበብኩ። ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው። ሎጋሪዝምን ጆን ናፒየር በ1614 አሳተመ፣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ እንግሊዛዊው ቄስ ዊሊያም ኦውትሬድ ስላይድ ሩልን ሠራ። ከዚያ በኋላ ከ300 ዓመት በላይ መሐንዲስ ሁሉ በዚህ ሲያሰላ ኖረ። የአፖሎ ጠፈርተኞች እንኳ ይዘውት በረዋል። በ1972 ሂውሌት ፓካርድ ኤችፒ 35 የተባለውን የኪስ ካልኩሌተር በ395 ዶላር አወጣ፣ ዋጋው ያስደነግጣል፣ ግን በጥቂት ዓመት ውስጥ ስላይድ ሩል ሣጥን ገባ።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ዕቃው ነጥብና ዜሮ አያውቅም። 2 በ3 ብትል፣ 20 በ3 ብትል፣ 200 በ300 ብትል፣ የሚያሳይህ ያችኑ 6 ነው። 6 ትሁን 60 ወይስ 60,000 አንተው ነህ የምታውቀው። ስለዚህ ገና ሳትነካው መልሱ ስንት አካባቢ እንደሚሆን በጭንቅላትህ መገመት አለብህ። ጋሼ ይህን ሲያስረዱ እናቴ ሳቀች። «ለዚህ ነዋ!» አለች። አያቴ ገበያ ሲሄዱ ባለሱቁ ገና ብዕሩን ሳያነሳ «ወደ መቶ ሃምሳ ይመጣል» ይሉ ነበር። ባለሱቁ ይናደድ ነበር አሉ።

ቡናውን እኔ አፈላሁ። ሬዲዮ ያልኩትን እስካሁን እየተሳቀብኝ ነው።

አሁን ማታ ማታ እለማመዳለሁ። ትናንት 17ን በ23 ሞከርኩ። መጀመሪያ ገመትኩ፣ 20 በ20 ቢሆን 400 ነው፣ ስለዚህ እዚያው አካባቢ። መስመሯ 390 እና 392 መሃል ቆመች። የእህቴ ልጅ ስልኩን አውጥቶ መታ መታ አደረገና ዝም አለ።

«ስንት አለህ?»

«391» አለ፣ እያጉረመረመ።