ከ2፡30 በፊት፦ ደሴ ላይ የቢሮ ሥራ ይዞ ወፍ መቁጠር

ቢሮ የሚገባው 2፡30 ነው። ጥር ላይ ደሴ ውስጥ ፀሐይ 12፡40 ገደማ ትወጣለች፤ ሰኔ ላይ ደግሞ 12 ሰዓት አካባቢ። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ የምተማመንበት ጊዜ ከ12፡40 እስከ 1፡40 ያለው ነው። በማታው አልመካም። ኅዳር ላይ ፀሐይ 12 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ 11፡30 ከቢሮ የወጣ ሰው ቦታው ሳይደርስ ይመሽበታል።

ለአንዷ ሰዓት የሚሆን መስመር ከጦሳ ተራራ ግርጌ መርጫለሁ፤ አራት መቆሚያዎች፣ በመካከላቸው ቢያንስ 200 ሜትር። ከዚያ ከቀረቡ አንዱን ወፍ ሁለት ጊዜ መቁጠር ይመጣል። በየመቆሚያው 2 ደቂቃ ዝም ብዬ እቆማለሁ፣ ምክንያቱም የሰው ኮቴ ያስደነገጠው ወፍ የሚመለሰው ያኔ ነው። ከዚያ 5 ደቂቃ እቆጥራለሁ። ባሕር ዛፍ ብቻ የበቀለበት ዳገት ላይ መቆሚያ ማድረግ ሰዓት ማባከን ነው። ወፍ የሚበዛው ማሳ፣ ቁጥቋጦና ጅረት በሚገናኙበት ጠርዝ ነው። መንጋ ሲያልፍ አሥሩን ብቻ ቆጥሮ የአሥሩን ስፋት በዓይን መያዝ፣ ከዚያ መንጋው ስንት አሥር እንደሚሆን መገመት ይሻላል።

ጀማሪዎች ከተማ ውስጥ የሚያዩትን ይንቃሉ። አንገቷ ላይ ነጭ ቀለበት ያላት የጣሪያ ርግብና ማለዳ ከገደል ተነስቶ እየጮኸ የሚያልፈው ጋጋኖ ግን ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ አይገኙም። እነሱን ሳይመዘግቡ ብርቅ ወፍ ፍለጋ መሄድ ለእኔ ትርጉም አይሰጠኝም።

መዝገቡ የቢሮ መዝገብ ነው፤ ቀን፣ የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት፣ መቆሚያ፣ አየር ሁኔታ፣ ዓይነት፣ ብዛት። በእርሳስ ይጻፋል፤ በደሴ ጭጋግ በረጠበ ወረቀት ላይ ስክሪብቶ በደንብ አይጽፍም። ምንም ያልታየበት መቆሚያ «0» ይጻፍበታል። ባዶ ከተተወ አልሄድኩም ማለት ይሁን ወይስ ሄጄ አጣሁ፣ ከዓመት በኋላ የሚያውቅ የለም። ለሽኮኮ፣ ለጦጣና ለጅብ ዱካም አንድ አምድ አለኝ።

ከደብተር ወደ ኢበርድ፣ ማለትም የወፍ ቆጠራ ወደሚመዘገብበት መተግበሪያ፣ ሲገለበጥ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። በእኛ 1፡10 የተጻፈው በመተግበሪያው 7፡10 ጠዋት ነው፤ እንዳለ ከገባ ወፎቹ እኩለ ሌሊት አልፎ የታዩ ይሆናሉ። ቀኑም ወጥመድ አለው። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚገባው በዘመነ ዮሐንስ ግን 12 ይሆናል፣ የአንድ ቀን ልዩነቱም እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ይቀጥላል። እኔ ሁለቱንም ቀን እዚያው ሜዳ ላይ ጎን ለጎን እጽፋለሁ።

አርብ ሌላ ዕድል አለው። የምሳ እረፍቱ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ስለሆነ፣ ለጁምዓ የሚሄደው ሲሄድ እኔ ወደ አዝዋ ገደል ጠርዝ እወጣለሁ። ጥንብ አንሳ ክንፉን ሳያራግብ ከፍ የሚለው መሬቱ ሞቆ አየሩ ሽቅብ ሲነሳ ነውና በማለዳ ቢፈለግ አይገኝም። የሚለየው ከሥር በሚታየው የክንፍና የጅራት ቅርጽ ነው፤ ፀሐይ ከጀርባው ሆና ሲታይ ቀለም ያታልላል። የሞተ ጥንብ አንሳ ከተገኘ በእጅ አይነካም። ለውሻ የተጣለ መርዝ በጥንቡ በኩል ወደ እሱ ይተላለፋል፤ ለግብርና ወይም ለአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ነው።

የሩቁን የሚያቀርብ መነጽር 8 በ42 ይበቃል፤ 8 እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት ሌንሱ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር የሆነ ማለት ነው። 10 እጥፍ የሚያቀርበው የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል። በክረምት በቆዳ ቦርሳው ውስጥ ተዘግቶ ከከረመ ሌንሱ ይሻግታል። እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ያለበት ክዳኑ የሚገጠም ጣሳ ውስጥ አስቀምጡት። አቧራውን መጀመሪያ በአየር፣ ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ፤ ጨርቅ መጨረሻ ነው፣ አለዚያ አሸዋው ይፍቀዋል።

ከሁሉ በላይ ግን ሰው ነው የሚያስቸግረው። መነጽር የያዘ እንግዳ ያጠራጥራል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ቀበሌ ሄጄ የምሠራውን አስረዳሁ፣ የድጋፍ ደብዳቤም ያዝኩ። ደብዳቤውና የሥራ መታወቂያው ከኪሴ አይለዩም። ወደ ካምፕ፣ ወደ አንቴና፣ ወደ ሰው ግቢ መነጽር አላነሳም። የወታደር ልብስ የሚመስል ቀለም አልለብስም፤ ቡናማ ወይም ግራጫ ሹራብ ይበቃል። የመንገዱን ሰላም ጠዋት በዚያ የሚመላለሱትን እረኞች ወይም ጥበቃዎች ሳይጠይቁ አለመውጣት ነው።

ቅዳሜ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከ2,500 ሜትር ገደማ ወደ 1,850 ገደማ ያወርዳል፤ በቦርከና ወንዝ ዳር በዚያው ደንብ ሲቆጠር ዝርዝሩ ከደሴው በጣም ይለያል። ከሰሜን የሚመጡት ስደተኛ ወፎች ከመስከረም ጀምሮ ገብተው እስከ ሚያዝያ አብዛኞቹ ይመለሳሉ። በጀት የሚዘጋው ሰኔ 30 ስለሆነ፣ ሪፖርት ሰውን ከወንበር የማያስነሳው እነሱ በሌሉበት ጊዜ ነው። የዓመት ፈቃዴን ስለዚህ ለክረምት አላስቀምጥም፤ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባሉት ሳምንታት ሰኞ ሰኞን እየጠየቅሁ ከእሑድ ጋር አያይዤ ሐይቅ ከተማ ድረስ እሄድበታለሁ።