ጫካ ውስጥ ብርሃን በራሽን ነው

ታኅሣሥ 12

የዓመቱ አጭር ቀን ዛሬ ነው። በሐበሻ ሰዓት አሥር ተኩል ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች። ትጠልቃለች ስል እንኳ ማጋነን ነው፤ ከነጋ ጀምሮ ማን አያት! የአገራችን የሐምሌ ዝናብ ወርዶ ወርዶ ይወጣለታል። የዚህኛው ግን ሲያንጠባጥብ ይውላል፣ ሲያንጠባጥብ ያድራል። ከሲያትል በስተሰሜን፣ ካስኬድ ተራሮች ግርጌ መኖር ማለት ከኅዳር እስከ የካቲት ድረስ መብራት አብርቶ ምሳ መብላት ነው።

ባለፈው እሑድ ጓደኞቼ ከከተማ መጥተው ነበር። ድፎ ዳቦ ይዘው መጡ፣ ጎመን ቀንጥሰው ሄዱ። በመስኮቱ ላይ የሰቀልኳቸውን መስታወቶች ዞረው አዩ፣ ዛፎቹን ቀና ብለው አዩ፤ ከዚያ አንዷ «አንቺ እኮ ገነት ውስጥ ነው የምትኖሪው!» አለችኝ። እኔም እንደ ልማዴ «ተመስገን» ብዬ ቡና ማፍላቴን ቀጠልኩ። ምን ልበላት? ባለቀለም መስታወት እየሠራሁ አትክልትም አለማለሁ ስል ሰው ሁሉ ሁለቱ ተዋደው የሚኖሩ ይመስለዋል። ሁለቱ ሥራዎቼ ጣውንቶች ናቸው። አንዷ የፈለገችውን ሌላዋም ትፈልጋለች፣ አንዷ የጣለችው ሌላዋን ይመርዛል፤ እኔ መሀል ቆሜ ድንበር ሳካልል እውላለሁ።

ትልቁ ጠባቸው በብርሃን ነው። ከቤቱ በስተደቡብ ዳግላስ ፈር የሚባል አንድ ጥድ መሳይ ዛፍ አለ፣ ቁመቱ ወደ 40 ሜትር የሚጠጋ። እኛ ያለንበት ከምድር ወገብ 48 ዲግሪ ወደ ሰሜን ነው፤ እንደ ዛሬ ባለው ቀን ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ እንኳ ከአድማስ ከ19 ዲግሪ በላይ አትወጣም። እንዲያ ሲሆን የማንኛውም ነገር ጥላ የራሱን ቁመት ሦስት እጥፍ ይሆናል። ይህ ዛፍ ታዲያ ወደ 120 ሜትር የሚሆን ጥላ በቤቴ፣ በመሥሪያ ክፍሌና በመደቦቼ ላይ አጋድሞ ይተኛል። አዲስ አበባ ላይ በዚሁ ቀን፣ በዚሁ ሰዓት ፀሐይ 57 ዲግሪ ላይ ናት። ይህን ሳሰላ ነው ናፍቆት የሚባለው ነገር አንዳንዴ በዲግሪ እንደሚለካ የገባኝ።

ዳግላስ ፈሩ የሚሰርቀው የመስታወቱን ብርሃን ነው፤ ክረምት ነው የሚሰርቀው፣ ያኔ አትክልቱ ተኝቷል። የአትክልቱን ብርሃን የሚሰርቁት ደግሞ ከምሥራቅ በኩል የበቀሉት አልደር የሚባሉ ሁለት ዛፎች ናቸው። አሁን ቅጠላቸውን አራግፈው ራቁታቸውን ቆመዋል፣ ማንንም አይጎዱም። ግንቦት ሲመጣ ግን ጥቅጥቅ ብለው የጠዋቱን ፀሐይ ለብቻቸው ይጠጣሉ። የትኛውን ላስቆርጥ እያልኩ ከመስከረም ጀምሮ ሳወጣ ሳወርድ ነበር። ጎረቤቴ፣ ዕድሜውን በእንጨት ሥራ የጨረሰ ሽማግሌ፣ ያለማመንታት «ትልቁን» ይላል። እንጨቱ ዋጋ ያወጣል ብሎ ነው እንጂ ስለ መስታወት ምን አገባው!

መስታወት ግን ብርሃን ሲያጣ ምን እንደሚሆን ሰው አይረዳም። ልጅ ሆኜ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ስንሄድ የመስኮቶቹ ቀለም በእማዬ ነጠላ ላይ ሲያርፍ እጄን እየዘረጋሁ ለመያዝ እሞክር ነበር። በኋላ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለውን የአፈወርቅ ተክሌን ሥራ ሳይ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሦስት ክፍል ያለው፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ትልቅ ግድግዳ ነው። ቀዩ ደም፣ ሰማያዊው ጥልቅ። እዚህ መጥቼ ሙያውን ስጀምር ያን ቀለም ነበር የምፈልገው። በኮባልት የጠቆረ ሰማያዊ ገዝቼ ሠራሁ፣ ሰኔ ላይ አብረቀረቀ፣ ኅዳር ላይ ጥቁር ሆኖ ቁጭ አለ። የአዲስ አበባ ፀሐይ ኃይለኛ ናት፤ እዚያ ወፍራምና ጥቁር ቀለም ብርሃኑን ያበርደዋል፣ ይገራዋል። እዚህ የሚገራ ብርሃን የለም፤ የሚለቀም ነው ያለው። ስለዚህ ቀለሜ እየሳሳ ሄደ። ውኃ መሳይ አረንጓዴ፣ ስስ ቢጫ፣ ጥርት ያለ መስታወት በብዛት። ሥራዬን የሚያውቁ ሰዎች «የረጋ ቀለም» ይሉታል፤ እኔ ግን የኪሎዋት ጉዳይ ነው እላለሁ።

ይህ አካባቢ ለመስታወት እንግዳ አይደለም። ስመ ጥሩው የመስታወት ሠዓሊ ዴል ቺሁሊ የዚሁ አካባቢ፣ የታኮማ ከተማ ልጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ስታንዉድ አጠገብ፣ ዛፍ በሚለማበት ኮረብታ ላይ ፒልቸክ የተባለውን የመስታወት ትምህርት ቤት ከመሠረቱት አንዱ እሱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ዝናብ ላይ መጠለያቸውንም ምድጃቸውንም ራሳቸው ነበር የሠሩት። መስታወት ለመሥራት ጫካ መግባታቸው ያኔ እብደት ሳይመስል አልቀረም። ነገሩ ግን ጥንትም እንዲሁ ነበር። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የመስታወት ምድጃ የሚተከለው ጫካ ውስጥ ነው፤ እንጨቱ ማገዶ፣ አመዱ ደግሞ ጥሬ ዕቃ። አሸዋ ብቻውን እንዲቀልጥ 1,700 ዲግሪ ይፈልጋል፤ አመድ ሲገባበት ግን ሙቀቱ በብዙ መቶ ዲግሪ ይወርዳል። አንድ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መነኩሴ ሁለት እጅ የቢች ዛፍ አመድ ለአንድ እጅ አሸዋ ብሎ ጽፏል። ፈርን የሚባለውን አበባ የሌለው የጫካ ተክል አመድም ይጠቀሙ ነበር፤ በአሸዋውና በአመዱ ውስጥ ካለው ብረት የተነሳ መስታወቱ አረንጓዴ ይወጣል። ጫካው አላለቀም እንዴ? አልቋል እንጂ! እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1615 ንጉሡ መስታወት በእንጨት እንዳይቀልጥ በአዋጅ ከለከለ፤ ለመርከብ የሚሆን ዛፍ እየጠፋ ነበርና። ከዚያ ወደ ድንጋይ ከሰል ዞሩ።

አመድ እኔም ጋ ዋጋ አለው፣ ግን የምትወስደው አትክልቷ ናት። ዝናቡ የአፈሩን ኖራ አጥቦ ስለሚወስደው እዚህ አፈሩ አሲዳማ ነው። ብሉቤሪ ይወደዋል፣ ጎመን አይወደውም። የምድጃዬን አመድ ነፍቼ ጎመኑ ሥር እበትናለሁ፣ ኖራም እጨምራለሁ። የሐበሻ ጎመን እዚህ አገር ይመቸዋል ብል ማን ያምናል! ቅዝቃዜውን ይወዳል፣ ቀላል ውርጭ ቢያገኘው ይብስ ይጣፍጣል። በሶብላ ግን የመጀመሪያዋ ውርጭ ነች ገዳይዋ፤ ስለዚህ በማሰሮ ተክዬ እስከ ሰኔ መስኮት ላይ አኖራታለሁ። ኮሰረቱም እንደ እሷ የቤት ልጅ ነው። ጤና አዳሙ ጎበዝ ነው፣ ውጭ ከርሞ ፀደይ ላይ ከግንዱ ያቆጠቁጣል። የሚያስቸግሩኝ አጋዘኖቹና ዛጎል የሌላቸው ቀንድ አውጣዎች ናቸው። አንዱ ዓይነት ቢጫ ሆኖ ከመዳፌ ይረዝማል፤ በጨለማ በባዶ እግሩ የረገጠው ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው።

ወደ መርዙ ልምጣ። ስለዚህ ብዙ ሰው ሲያወራ አልሰማም።

ቢጫ፣ ብርቱካንማና ቀይ መስታወት ቀለሙን የሚያገኘው በብዛት ካድሚየምና ሴሌኒየም ከሚባሉ መርዛማ ንጥረ ነገሮች ነው። ከኛ በስተደቡብ ፖርትላንድ ከተማ ውስጥ የደን ተመራማሪዎች ዛፍ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ሽበት (ሞስ የሚሉትን) ከ346 ቦታ ሰብስበው መረመሩ። ሽበቱ ሥር ስለሌለው የሚመገበው ከአየርና ከዝናብ ነው፤ አየሩ የያዘውን ሁሉ ይመዘግባል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ ካድሚየሙ ጎልቶ የታየው ባለቀለም መስታወት የሚያቀልጡ ፋብሪካዎች አካባቢ ነበር። በዚያው ዓመት የኦሪገን ግዛት ስለ ማቅለጫዎቹ ጭስ ደንብ አወጣች። ዜናውን ሳነብ ቀና ብዬ የራሴን ዛፎች አየሁ። ከቅርንጫፎቻቸው ተመሳሳይ ሽበት ተንጠልጥሏል። እኔ የማቀልጠው ተሠርቶ ያለቀ መስታወት ስለሆነ ጭሴ እንደ ፋብሪካ ጭስ አይደለም፤ ቢሆንም ቢጫውን ሉክ ባነሳሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ከዚያ ወዲህ ነው ድንበሩ የጠበቀው። ጠርዝ የምሞርድበት ማሽን ውኃ ይረጫል፤ የሚወጣው ዝቃጭ በአንድ በርሜል ይጠራቀማል፣ ይረጋል፣ ከላይ ያለውም ውኃ ቢሆን ወደ መደቡ አይሄድም። የመበየጃው እርሳስ የነካው ጨርቅ ከመሥሪያ ክፍሉ አይወጣም። የክፍሉ ጫማ ሌላ፣ የጓሮው ጫማ ሌላ። እጄን ሳልታጠብ ጎመን አልቀነጥስም። ሥራው ላይ ካለሁ እንግዳም ቢመጣ እጄን ታጥቤ ነው የምጨብጠው፤ አንዳንዱ ኩራት ይመስለዋል።

ሁለቱ የሚታረቁበት አንድ ሥራ አለ። የፈርን ወይም የጤና አዳም ቅጠል በመጽሐፍ መሀል አድርጌ በደንብ አደርቃለሁ፤ እርጥበት ካለው እንፋሎቱ ትልልቅ አረፋ ይሠራል። ሁለት ጥርት ያሉ መስታወቶች መሀል አስተኝቼ ምድጃ ውስጥ አስገብቼ ቀስ እያልኩ ወደ 800 ዲግሪ አወጣዋለሁ። መስታወቶቹ ይዋሐዳሉ፣ ቅጠሉ መሀላቸው ይነድዳል። አረንጓዴው ይሄዳል፣ አመዱ ግን መውጫ አጥቶ እዚያው ይቀራል። ስታወጣው ነጭ ቅጠል ታያለህ፣ ጫፉ ከነጥርሱ፣ ጅማቱ ከነቅርንጫፉ፣ በጣትህ ብትዳስሰው ግን ለስላሳ መስታወት ብቻ። ጎመን አይሆንም፣ ቅጠሉ ወፍራም ነው፤ ተበጣጥሶ ግራጫ ጭቃ መሳይ ነገር ይሆናል። ጤና አዳም ግን ዳንቴል ሆኖ ይወጣል።

ሙቀቱን ማውጣት ቀላሉ ነው፤ ጣጣው ማብረድ ላይ ነው። 480 ዲግሪ ግድም ሲደርስ ያቆሙታል፣ ውስጡም ውጩም እኩል እስኪሆን ይጠብቁታል፣ ከዚያ በዝግታ ይወርዳል። ወፍራም ከሆነ ቀናት ይፈጃል። ኅዳር ላይ ነፋሱ ዛፍ ጥሎ መብራት ሲጠፋ ምድጃው ልክ እዚያ ላይ ነበር። አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ስነግረው የሳቀው ሳቅ! «አሜሪካም መብራት ይጠፋል? እኛን ብቻ ነበር የምታሙን!» እንዲህ ሲሆን የሚሠራ ነገር የለም፤ ክዳኑን አለመክፈት ነው። ጡቡ ሙቀት ይዞ ይቆያል፣ በራሱ ጊዜ ይበርዳል። በነጋታው ሳወጣው ሙሉ ነበር። ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ ይላል የአገሬ ሰው፤ መስታወት ግን ሳይነቃም በውስጡ የታመቀ ጉልበት ይዞ ወር ሰንብቶ፣ ማንም ሳይነካው ጠረጴዛ ላይ ሊከፈል ይችላል። ሁለት የፖላራይዝድ መነጽር ሌንሶችን (በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፉ ናቸው) አቋልፌ በመሀላቸው አየሁት። ደህናው ክፍል ጨለማ ሆኖ ይታያል፣ ውጥረት ያለበት ያበራል። አንዱ ጥግ ብርማ ጨረቃ ሠርቶ አገኘሁት። መብራት ሲመጣ መልሼ አስገባሁት፣ እንደገና በዝግታ አበረድኩት፤ ዛሬ ሳየው ጨለማ ነው። በዚህ ሙያ የምሥራቹ ይህ ነው።

የዛፉን ነገር ወስኛለሁ። ዳግላስ ፈሩ ይቆማል። ከመካከል አንድ ትልቅ ዛፍ ሲነሳ ነፋስ የማያውቃቸው ሌሎቹ ድንገት ይጋለጣሉ፣ በኅዳሩ ነፋስ ደግሞ አንዱ ጣሪያዬ ላይ ነው የሚያርፈው። ደግሞም መስታወቱን ቀለሙን አሳሳለታለሁ፣ ያግባባናል፤ ጎመን ግን ብርሃን ካጣ ምን ተብሎ ይመከራል? ስለዚህ የሚቆረጡት አልደሮቹ ናቸው። አልደር እንደ ባቄላ ናይትሮጅን ወደ አፈሩ የሚያስገባ ዛፍ ስለሆነ ሥሩ የነበረበት መሬት ለአዲስ መደብ ምቹ ነው። ጎረቤቴ ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። የአልደር እንጨት ሳልሞን ለማጨስ ተፈላጊ ስለሆነ ግን ግማሹን እንድሰጠው ጠየቀ፤ እሺ አልኩት።

ማታ ለእማዬ ደውዬ ነገርኳት። እሷ የኔን ሥራ እስካሁን በሁለት ይከፈላል ብላ አታምንም፤ «መስታወት ትጠብሻለሽ፣ ጎመን ትቀቅያለሽ» ነው የምትለው። ቆራጩ ማክሰኞ እንደሚመጣ፣ እንጨቱ እስከ መጪው መስከረም ደርቆ ማገዶ እንደሚሆን፣ ከአመዱ ጥቂቱን አጥቤና ነፍቼ በመስታወት መሀል እንደ ጉም ልበትነው እንዳሰብኩ አጫወትኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ልጄ፣ አመዱስ ለጎመኑ ነው እንጂ!» አለች። «መስታወት ምን ይበላል?»

ግማሽ ግማሽ ይሁን ብያት ተከራክረን ሳንስማማ ካርዴ አለቀ።