ከደንገጎ ማዶ፦ የዛፍ እንቁራሪት ሐሳብ ይዞ ወደ ሐረር

ከድሬ ወደ ሐረር ሲኬድ አየሩ የሚለወጠው ደንገጎ ላይ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን ጨርሶ አናቱ ላይ ሲደርስ ከ2,000 ሜትር በላይ ወጥተናል። ነሐሴ ነበር፤ ጉሙ መንገዱ ላይ ተኝቷል። ዛፍ ለማየት መስኮቱን ከፈት ሳደርግ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ነጠላቸውን ሰበሰቡ።

«አቦ ዝጋው የኔ ልጅ፣ በረደን እኮ!»

ዘጋሁት። ምን እንደማይ ሲጠይቁኝ ስለ ዛፍ እንቁራሪቷ ነገርኳቸው።

«እንቁራሪት ዛፍ ላይ? ወላሂ በል!»

ያየኋት ባሌ፣ ሐረና ጫካ ውስጥ ነው። ከሳነቴ አምባ ቁልቁል ሲወረድ ግንዱ ሁሉ ሽበት (ዛፍ ላይ እንደ ጢም የሚንጠለጠለውን) የለበሰ ጫካ ይቀበላችኋል። ሌሊት በባትሪ ስንፈልግ ጅረት ዳር፣ ቅጠል ላይ ቁጭ ብላ አገኘናት። ትንሽ ናት፤ ወንዱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። የዓይኗ ብሌን እንደ ድመት ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። ጣቶቿ ጫፍ ላይ ክብ መጣበቂያ አለ፤ በእሱ ነው ዛፍ የምትወጣው።

እንቁላሏን ግን ዛፍ ላይም ውሃ ውስጥም አትጥልም። የዚህ ወገን እንቁራሪቶች እንቁላላቸውን ውሃ ዳር እርጥብ አፈር ውስጥ ይቀብራሉ። ዝናብ ሲመጣ እጮቹ ወደ ውሃው ይሳባሉ። እኔን የማረከኝ ይሄ ነው። ዛፍ ብቻ አይበቃትም፤ ጥላው፣ ከሥሩ የረጠበው አፈርና ጅረቱ አንድ ላይ መኖር አለባቸው። ሣር ሜዳ ላይ የሚኖር አንድ ዘመድ አላት፤ እሱ መጣበቂያም የለው፣ ዛፍም አይወጣ፣ መሬት ቆፍሮ ይገባል። ሁለቱም ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኙም።

ስሟ የራጋዚ ነው። ቪንቼንዞ ራጋዚ በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሸዋ፣ አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ በሚባል ቦታ የኖረ ጣሊያናዊ ሐኪም ነበር። ቡሌንጀር የተባለው የእንስሳት ሊቅ በ1896 እሷን ለሳይንስ ሲያስተዋውቅ በሱ ስም ጠራት። ራጋዚ ራሱ ከእንጦጦ ተነስቶ ሐረር ድረስ መጥቷል። ያኔ በመንገዱ ያየው ደን ምን ያህል እንደነበር ባየሁ ብዬ ተመኘሁ።

«በልጅነቴ ቁልቢ ስንሄድ ጽዱ ጥቅጥቅ ያለ ነበር» አሉ እማማ። «አሁን ጫት ነው።»

እውነት ነው፤ ግራና ቀኙ ጫትና ማሽላ ነው፣ አልፎ አልፎ ባሕር ዛፍ። ገበሬውን አልወቅስም፤ ቤተሰቡን የሚያኖረው ጫቱ ነው። ባሕር ዛፉ ሥር ያለው መሬት ግን ደረቅ ነው። እንዲህ ያለ መሬት ላይ እንቁላል የሚቀብር እንስሳ ምን ይሁን?

ሐረማያ ላይ ወረድኩ። ሐይቁ ከ20 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ ከብት ይጋጥበት ነበር፤ ለመስኖ የሚሳበው ውሃና ከተራራው የሚታጠበው ደለል ጨረሱት። ዘንድሮ ውሃ አለው። አመሻሹ ላይ ዳር ዳሩን እንቁራሪቶች ይንጫጫሉ። የዛፎቹ አይደሉም፤ የሣርና የረግረግ ናቸው። ቢሆንም ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ ውሃው ሲመለስ እነሱም ተመልሰዋል። የዛፏ ግን ከባድ ነው፤ ሐይቅ በጥቂት ክረምት ይሞላል፣ ሽበት የለበሰ ዛፍ ዕድሜ ይጠይቃል።

ሐረር በሸዋ በር ስገባ መሽቶ ነበር። በሚቀጥለው ክረምት ገራ ሙለታ እወጣለሁ። ተራራው ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። ባትሪዬን ይዤ፣ ደን በቀረበት ጅረት ዳር አድራለሁ።