16 ያልሆነው ዘንግ

ቶርኖ ቤቴ ዓለም ገና ነው። ከጅማው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ በአንድ ጎሚስታና በአንድ ብየዳ ቤት መሃል። ደንበኞቼ አብዛኞቹ የሲኖትራክ ሾፌሮች፣ ባለወፍጮዎችና የባጃጅ ልጆች ናቸው። ባለፈው ክረምት አንድ አዛውንት በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ገቡና «የካዲላክ ነው» ሲሉኝ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ።

ጨርቁን ፈታሁት። የውሃ ፓምፕ ዘንግ ነው። አንዱን ጫፍ ዝገት ቦርቡሮታል። ፑሌጃው፣ ቺንጋው የሚዞርበት ክብ ብረት፣ የሚቀመጥበት ሌላኛው ጫፍ ግን ገና ያብረቀርቃል።

«ጋሼ፣ መኪናዋ አለች?»

«አለች እንጂ! ና እይ።»

ግቢያቸው በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። ከባሕር ዛፍ አጥር ጀርባ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ሸራ ለብሳ ቆማለች። የ1960 ሞዴል ሴዳን ደ ቪል። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ስለ መኪናው የምጠራቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።) ርዝመቷ 5.7 ሜትር ነው። ጥላው ስላልበቃት እንደ ዓሣ ክንፍ ሽቅብ የቆሙት የኋላ ክንፎቿ ወደ ውጭ ወጥተው ዝናብ ይመታቸዋል። ጋሼ ከአብዮቱ በፊት ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ላይ ነው የገዟት። ቤንዚን በኩፖን በሆነ ጊዜ አቆሟት። 6.4 ሊትር ሞተር በኩፖን አይቀለብማ። ከዚያ ወዲህ አልፎ አልፎ እያስነሱ አቆይተዋታል። ፓምፑ እስኪያፈስ ድረስ።

ዘንጉን ይዤ ተመለስኩ። ጤነኛውን ጫፍ በማይክሮሜትር ለካሁት፤ 15.87 ሚሊ ሜትር አለኝ። «16 ነበር፤ አልቆ ነው» ብዬ ደመደምኩ። እኛ ቶርኖ ቤት 16 የሚባል ነገር አለ፤ 15.87 የሚባል ነገር የለም። ጥሩ ብረት መርጬ 16 አድርጌ ቆረጥኩት። በማግስቱ ፑሌጃው አልገባም አለ። በእሳት አሞቅነው፤ ፍንክች አላለም። የጋሼ የልጅ ልጅ መዶሻ ሊያነሳ ሲል እጁን ያዝኩት። አሮጌ የጋለ ብረት በመዶሻ ሲመታ የሚሆነውን አውቃለሁ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ፑሌጃ ጨብጦ የያዘው ቦታ እንዴት ያልቃል? የሚሽከረከሩት አብረው ነው፤ አይፋተጉም። ተነስቼ ስልኬን አበራሁና አንድ ኢንች የሚይዘውን 25.4 ሚሊ ሜትር በ5 አባዝቼ ለ8 አካፈልኩት። 15.875።

አምስት ስምንተኛ ኢንች። ዘንጉ አንድም ነገር አልጎደለበትም። ከስድሳ ዓመት በኋላም ከፋብሪካ እንደወጣ ነበር። የተሳሳተው የእኔ ልክ ነው።

ያቺን መኪና የሠራት ማን እንደሆነ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ሌሊት ወዲህ ነው። ሰው ካዲላክ ሲባል ክንፉን፣ ክሮሙን፣ ቆዳ ወንበሩን ያስባል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ሥሩ ጋ ያገኘሁት ሰው ግን የኔው ሙያ ሰው ነው።

ሄንሪ ሌላንድ ይባላል። በ1843 ቨርሞንት ተወለደ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ በጠመንጃ ፋብሪካ ሠራ፤ ቀጥሎ ብራውን ኤንድ ሻርፕ የሚባል የመለኪያ መሣሪያና ማሽን አምራች ቤት ገባ። ጠመንጃ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። የአንዱ ወታደር ጠመንጃ ቃታው ቢሰበር፣ የሌላው ቃታ ያለ ሞረድ መግባት አለበት። ሌላንድ ይህን ይዞ ዲትሮይት ሄደና የራሱን የማሽን ሥራ ቤት ከፈተ።

በ1902 የሄንሪ ፎርድ ሁለተኛ ኩባንያ ከሸፈ። ፎርድ ከባለሀብቶቹ ጋር ተጣልቶ ወጣ። ባለሀብቶቹ ፋብሪካውን ሸጠው ሊገላገሉ አሰቡና ማሽኖቹን እንዲገምትላቸው ሌላንድን ጠሩት። ሌላንድ ግምቱን ይዞ መጣ፤ አብሮ ግን አንድ ሞተር ይዞ መጣ። ራሱ አሻሽሎ የሠራው፣ ኦልድስሞቢል አልፈልግም ያለው ሞተር ነው። «አትሽጡ፤ በዚህ መኪና ሥሩ» አላቸው። ተስማሙ። ስሙንም ከዲትሮይት ከተማ መሥራች፣ ከፈረንሳዊው አንትዋን ደ ላ ሞት ካዲላክ ወሰዱት። ሌላንድ በዚያን ጊዜ 59 ዓመቱ ነበር። እኔ 51 ነኝ። ይህን ሳነብ ልቤ ሞቀ።

አሁን ደግሞ ለኔ ከሁሉም የሚበልጠውን ልንገራችሁ።

በ1908 ለንደን ውስጥ ለሽያጭ ከቆሙት መኪኖች ሦስት ካዲላኮች ተመርጠው ብሩክላንድስ ወደሚባለው የውድድር ሜዳ ተወሰዱ። ፈታኙ የእንግሊዝ ንጉሣዊ አውቶሞቢል ክለብ ነው። ሦስቱም እስከ መጨረሻዋ ቡሎን ተፈታቱ። እያንዳንዳቸው ከ700 በላይ ዕቃ ወጣቸው። ዕቃው ሁሉ አንድ ላይ ተደባለቀ። ይህም አልበቃ ብሏቸው 89 ዕቃ አንስተው በምትኩ ከመለዋወጫ መጋዘን አዲስ አመጡ። ከዚያ ሜካኒኮቹን «ግጠሙ» አሏቸው። የተፈቀደላቸው መፍቻና ካቻቪቴ ብቻ ነው። ሞረድ የለም። መዶሻ የለም።

ገጠሙ። ቀለማቸው የተዘበራረቀ ሦስት መኪኖች ቆሙ፤ የአንዱ ዕቃ የሌላው ነው። ሞተራቸው ተነሳ። ሦስቱም በሜዳው ላይ 500 ማይል ሄዱ፤ 805 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ካዲላክ ክለቡ የሚሰጠውን የደዋርን ዋንጫ ተሸለመች፤ «የዓለም መለኪያ» የሚለው መፈክሯም ከዚህ ድል ጋር ተሳስሮ ቀረ።

የፈተናውን ክብደት ለማየት ያኔ መኪና እንዴት ይሠራ እንደነበር ማሰብ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ሞርሳ ላይ ታስሮ፣ በሞረድ እየተላገ፣ ለዚያች መኪና ብቻ ይስተካከል ነበር። ዛሬም እኔ ቤት የሚመጣው ሥራ ግማሹ ይኸው ነው። ሰው አዲስ ቦኮላ ከመለዋወጫ ሱቅ ይገዛል፤ አይገባም። «ትንሽ ላጥልኝ» ይለኛል። ባለፈው ወር ከአንድ ካርቶን የወጡ አራት ኩሽኔታዎች ለካሁ፤ አራቱም የተለያዩ ናቸው። ይህ ያናድደኛል። ገንዘቡን የከፈለው ያ ሾፌር ነው፤ መንገድ ላይ የሚያድረውም እሱ።

ሌላንድ በዚህ ነገር ጨካኝ ነበር። አንድ ወጣት የኩሽኔታ ሻጭ ያመጣውን ዕቃ ፊቱ ላይ በማይክሮሜትር ለክቶ፣ ልኩ አንድ አለመሆኑን አሳይቶታል። ካዲላክ የሚሠራው እንዲሸጥ ብቻ ሳይሆን እንዲሄድ መሆኑንም ነገረው። ወጣቱ አልፍሬድ ስሎን ነው፤ ኋላ የጄኔራል ሞተርስ መሪ የሆነው። ትምህርቱን እስከ ሽምግልናው አልረሳውም፤ ራሱ ጽፎታል።

በአማርኛ «ልክ» ስንል መጠንም ማለታችን ነው፤ ትክክልም ማለታችን ነው። ሌላንድ አማርኛ ቢያውቅ ይህችን ቃል ይወዳት ነበር።

ጄኔራል ሞተርስ ካዲላክን በ1909 ገዛ፤ ሌላንድ ግን ሥራውን እንደያዘ ቀጠለ። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ እኔን በቤተሰብ የሚነካኝ ነገር መጣ። ሞተሪኖ።

አባቴ በወጣትነቱ የጣሊያን ጭነት መኪና ረዳት ነበር። የረዳት የመጀመሪያ ሥራ በጠዋት ማኖቬላ መምታት ነው። ብረቱን ከፊት ታስገባለህ፤ በሙሉ ጉልበት ታዞራለህ። ሞተሩ ጊዜውን ሳይጠብቅ ከተኮሰ ማኖቬላው ወደ ኋላ ይመለሳል። አንድ ቀን ተመለሰበት፤ የቀኝ አንጓው ተሰበረ። ወጌሻ አሸው፤ ዳነ። እስከ ዛሬ ግን ያ እጁ ቀጥ ብሎ አይዘረጋም። ልጅ ሆኜ እንጀራ ሲቆርስልኝ የማየው ያንን የጎበጠ አንጓ ነው።

የ1912ቷ ካዲላክ ማኖቬላን አስቀረች። የሠራው ቻርልስ ኬተሪንግ ነው፣ ዴይተን ኦሃዮ ውስጥ። ሌሎች «ሞተር የሚያስነሳ ኤሌክትሪክ ሞተር ከመኪናው እኩል ይሆናል» ይሉ ነበር። ኬተሪንግ ቀደም ሲል ለሱቅ የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን ትንሽ ሞተር ሠርቷል። እዚያ የተማረውን ነው ያመጣው፦ ሞተሪኖ ቀኑን ሙሉ አይሠራም። ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ከአቅሙ በላይ ብታሠራው አይቃጠልም። ስለዚህ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ያው መሣሪያ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ዞሮ ባትሪ ይሞላል፤ መብራትም ያበራል። ካዲላክ ለዚህ ዳግመኛ የደዋርን ዋንጫ ወሰደች።

ለኔ ቅንጡ መኪና ማለት ይህ ነው። ዛሬ ሞተሪኖ የሌለው የቤንዚን ወይም የናፍጣ መኪና የለም ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙው ሰው ያውቀዋል፤ በፍጥነት ልለፍበት። በ1930 ባለ16 ሲሊንደር ሞተር ወጣ። በ1948 ሃርሊ ኧርል የሚመራው የዲዛይን ክፍል፣ ፒ 38 ከሚባለው የጦር አውሮፕላን ጭራ ተነስቶ፣ የመጀመሪያዎቹን ክንፎች አወጣ። ክንፉ በየዓመቱ እያደገ ሄዶ በ1959 ጫፍ ደረሰ። የጋሼ መኪና የቀጣዩ ዓመት ናት፤ ክንፏ ዝቅ ብሏል። እኔ የሷን እመርጣለሁ፤ ረጋ ያለ ነው።

አንድ ነገር ግን ዝም ብዬ አላልፍም። በ1930ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ድቀት ጊዜ ካዲላክ ሊዘጋ ደርሶ ነበር። በዚያው ጊዜ ኩባንያው ለጥቁር ሰው መኪና አይሸጥም ነበር። የአገልግሎት ክፍሉ ኃላፊ፣ ከጀርመን የመጣው ኒኮላስ ድሬይስታት፣ ለጥገና የሚመጡትን ሰዎች አየ። ብዙዎቹ ጥቁሮች ናቸው፤ ቦክሰኞች፣ ዘፋኞች፣ ሐኪሞች። ለአንድ ነጭ ገንዘብ ከፍለው በስሙ ያስገዙ ነበር። ቤት በፈለጉት ሰፈር መግዛት ተከልክለዋል፤ ካዲላክ ግን በየትኛውም ጎዳና ይዘው ያልፋሉ። ድሬይስታት አለቆቹ ዘንድ ገብቶ ክልከላው እንዲነሳ አደረገ። ሽያጩ አንሰራራ። አንድ ሰው ለመኪና ሲል ይህን ያህል የሚደክመው ለምን እንደሆነ ከዚህ ወዲህ አልጠይቅም።

ሌላንድስ? በ1917፣ በ74 ዓመቱ፣ ከልጁ ጋር ካዲላክን ለቆ ወጣ። ለአንደኛው የዓለም ጦርነት የሊበርቲ አውሮፕላን ሞተር ሊሠራ ነው። ለአዲሱ ኩባንያ በ1864 የፕሬዚዳንት ምርጫ ድምፁን የሰጠለትን ሰው ስም አወጣለት። ሊንከን። ጦርነቱ ሲያልቅ ወደ መኪና ዞሩ፤ ገንዘቡ ግን አለቀ። በ1922 በ8 ሚሊዮን ዶላር ኩባንያውን የገዛው ማን መሰላችሁ? ሄንሪ ፎርድ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ሌላንድና ልጁ ከገዛ ፋብሪካቸው ወጡ። የአሜሪካን ሁለቱን ታላላቅ የቅንጦት መኪኖች የመሠረተው ያው አንድ ሰው ነው፤ በሁለቱም የሱ ስም የለም። በ1932 ዲትሮይት ውስጥ አረፈ።

ልኩ ሲላላ ምን እንደሚሆን ካዲላክ ራሷ አሳይታለች። በ1982 ሞዴል ሲማሮን የምትባል መኪና አወጡ። ሥሯ ርካሿ ሼቭሮሌ ካቫሊየር ናት፤ ስሙን ለጥፈውባት ዋጋ ጨመሩ። ገዢው ለየ። ያን ስም ለማደስ ብዙ ዓመት ወስዶባቸዋል። አሁን ሊሪክ የምትባል የኤሌክትሪክ መኪና ይሠራሉ። እኛም አገር ከ2024 ወዲህ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏልና፣ ወደፊት እዚህ ካዲላክ ቢመጣ ያለ ሞተሪኖ የሚመጣው ነው። ሰው ሲያሾፍ «ሥራህን ልታጣ ነው» ይለኛል። የኤሌክትሪክ መኪናም ዘንግና ኩሽኔታ አለው።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ሁለተኛውን ዘንግ በአምስት ስምንተኛ ቆረጥኩት። የመጨረሻዋን ሰበዝ ስልጥ መብራት ጠፋ፤ ሁለት ሰዓት ጠበቅኩ። ብረቱ ሲበርድ ለካሁ። 15.88። በእሳት ያሞቅነው ፑሌጃ እንደ ቀለበት ገባ። ፓምፑን አሰርን፣ ውሃ ሞላን፣ ባትሪ ከብየዳ ቤቱ ልጅ ተዋስን።

ለማስነሳቱ ቀን አባቴን ይዤው ሄድኩ። ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው። መኪናዋን በከዘራው እየተመረኮዘ ሁለቴ ዞራት። ከዚያ ፊቷ ጋ ጎንበስ ብሎ በክሮሙ ውስጥ በጣቱ ይፈልግ ጀመር።

«አባዬ፣ ምን ጠፋህ?»

«ማኖቬላው የሚገባበት የታለ?»

«የላትም።»

ቀና ብሎ አየኝ። ጋሼ በሩን ከፍተው እሳቸው ወንበር ላይ አስቀመጡት። ቁልፉን በዚያችው በጎበጠችው ቀኝ እጁ ያዘና አዞረው። ሞተሪኖው ሁለቴ አቃሰተ። በሦስተኛው ተነሳች። አባቴ እጁን ቁልፉ ላይ እንዳደረገ ቆየ፤ ጋሼ «ልቀቀው እንጂ፣ ተነስታለች!» እስኪሉት ድረስ።